ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ያለችው ወንበር

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

ጨረሱት። የምዕራቡ ግድግዳ ከውስጥም ከውጭም፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ ሲሚንቶ ለብሷል። ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር የሄድኩት መለኪያዎቼን ላነብ ነበር፤ ስደርስ ፉንዲዎቹ፣ የዚህ አገር ግንበኞች፣ ዕቃቸውን እየጫኑ ነው። ግድግዳው ውስጥ የቀበርኳቸው የእርጥበት መለኪያዎች ላይ ለስነውባቸዋል። ሽቦዎቹ ብቻ እንደ አይጥ ጭራ ወጥተው ይታያሉ። ሞከርኳቸው፤ ይሠራሉ።

ስለዚህ ቤት እዚህ ልጻፍ፤ ለሪፖርት ስጽፈው ሁሉ ነገር ይደርቅብኛል። ከመቶ ዓመት በፊት ግድም አንድ ህንዳዊ ተቋራጭ ለራሱ የሠራው ነው። በሁለት ሳንቃ መካከል አፈር እየጨመሩ፣ እየደቀደቁ፣ እንደገና እየጨመሩ ያቆሙት፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል ግድግዳ። እንጨት የለው፣ ብረት የለው፤ ጣሪያውን የተሸከመው ያው አፈሩ ነው። የሰውየው የልጅ ልጅ ራጃ ለቤተ ክርስቲያናችን አከራይቶናል፤ ሳሎኑና መኝታ ቤቶቹ ተቀላቅለው አዳራሽ ሆነዋል። እኔ ደግሞ ለዶክትሬት የማጠናው የአፈር ግድግዳ ሲረጥብ ምን ያህል እንደሚሸከምና እንዴት ተጠብቆ እንደሚቆይ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ ትናንሽ የአፈር ጡቦች ስጨፈልቅ እውላለሁ። ደረቁ ድንጋይ ነው፣ የረጠበው ሊጥ። እውነተኛ፣ ሙሉ፣ ሰው የሚገባ የሚወጣበት ግድግዳ ግን ያለኝ ይሄ አንዱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር ኮሚቴው ሲሰበሰብ ተናግሬ ነበር። ሲሚንቶ አፈሩን ያፍነዋል፣ ውሃ ከገባ መውጫ ያጣል አልኩ። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ዘርይሁን ናቸው፤ ሲሚንቶውን ከሱቃቸው የሰጡትም እሳቸው። አዲስ አበባ ሳሉ ፎርማን ነበሩ። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ "ማዕዶቴ፣ እኛ በብሎኬት ቤት እየተኛን ጌታን በጭቃ ቤት እናስቀምጠው?" አሉ። ሰው ሁሉ አሜን አለ። አሜን ከተባለ በኋላ ስለ እርጥበት ምን ይባላል? ይሄ ሁሉ የመጣው ከጎናችን ያለው የኮንጎዎቹ ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ዓመት ስለተለሰነ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

ከዚያ በላይ አልተከራከርኩም። እኔና እማዬ ናይሮቢ ስንገባ ሻንጣችንን ተቀብለው ሳሎናቸው ውስጥ ያኖሩን ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ዘነበ። ባንዴ፣ እንደ ናይሮቢ ወግ። ሞምባሳ መንገድ ቆመ፤ ማታቱ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ስለ አዳራሹ አሸንዳ ሳስብ ቆየሁ። በምዕራብ በኩል ተሰብሯል። ውሃው ቀጥታ ግድግዳው አናት ላይ ነው የሚወርደው። ጋሽ ዘርይሁን ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። ነገ እደውላለሁ።

መጋቢት 14፣ እሑድ

አሸንዳው ከፋሲካ በኋላ ይሠራል ተባለ። አሁን ፉንዲ አይገኝም አሉ። ፉንዲ ናይሮቢ ውስጥ አይገኝም!

ከአምልኮ በኋላ ሰዉ ነጩን ግድግዳ እየነካ ፎቶ ይነሳል። ፓስተር እዮብ ስብከታቸው መሃል ጠቅሰውታል። እኔ ባለፈው ዓመት ቤቱን ስንከራይ የተናገርኩትንም አልረሱትም፤ "ኢንጂነሯ ራሷ ከሁላችን ዕድሜ በላይ ይኖራል ብላለች" ሲሉ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ፈገግ አልኩ። ያልኩት ግን ያለ ሲሚንቶ ነበር። ጣሪያው ደህና ከሆነና እግሩ ከደረቀ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አይጠቅስም።

እናቶች እንደ ወትሮው ወንበራቸውን ወደ ምዕራቡ ግድግዳ አስጠግተው ተቀምጠዋል። ያ ግድግዳ የከሰዓቱን ፀሐይ ይዞ ያድራል፤ ጠዋት ጀርባቸውን ሲያስደግፉት ወገባቸውን ያሞቅላቸዋል። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የእናቶች ጸሎት ሲኖርም ቦታቸው እዚያው ነው። እማዬና እትዬ እታገኘሁ ጎን ለጎን። እትዬ እታገኘሁ ዛሬ፣ "ከተለሰነ ወዲህ ሙቀቱ ቀረ፤ ቀዘቀዘብን" ብለው አጉረመረሙ። ከኮሚቴው ሁሉ ይልቅ ግድግዳውን ያነበቡት እሳቸው ናቸው፤ በወገባቸው።

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

የታችኛው መለኪያ ቁጥር ከፍ ብሏል። የላይኛው ያው ነው። ማለትም ውሃው ከአናት ገብቶ በሲሚንቶውና በአፈሩ መሃል እየተንሸራተተ እግሩ ላይ ተጠራቅሟል። መጽሐፍ ላይ ያለው ነገር ነው፤ ሥዕሉን ለተማሪዎች ስዬላቸዋለሁ።

ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን ላይ ቱንቢ አንጠለጠልኩ። ክሩ መሃል ላይ ግድግዳውን ሊነካ ጥቂት ቀረው። ምናልባት ልስኑ እኩል ስላልሆነ ይሆናል። ፉንዲ አይደለ የለሰነው።

መጋቢት 21፣ እሑድ

እማዬን ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኳት። ወገቧን ብርድ እንዳይመታት። ሲሚንቶ ይቀዘቅዛል፣ እትዬ እታገኘሁም ብለዋል። እማዬ ከጓደኞቿ ስለራቀች ትንሽ አኮረፈች፤ ቢሆንም ሄደች። ስብከቱን አልሰማሁም።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ከአማካሪዬ ከዶክተር አብዱልሰላም ጋር ተገናኘን። የሞምባሳ ሰው ነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ቤቱ በቅርስነት እንዲመዘገብ ያቀረብነው ማመልከቻ ግንቦት ላይ ይታያል። የግድግዳው ሁኔታ ሪፖርት ከእኔ ይጠበቃል። ቤቱ ከተመዘገበ ራጃ ሊያፈርሰው አይችልም፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ቦታዋ ትቆያለች፣ ጥናቴም ይቆያል። ሁሉም እዚያች ወረቀት ላይ ተንጠልጥሏል።

ቁጥሮቹን አሳየሁት። ለረጅም ጊዜ አያቸውና አዳራሹን ሰው ይጠቀምበታል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እሑድ ብቻ አልኩት። ሌላ ቀንስ? አልፎ አልፎ፣ ጥቂት ሰዎች። እየተከታተልኩት ነው አልኩት። "መከታተል መጠበቅ አይደለም" አለኝ። የተናደድኩት እውነት ስለነበር ነው መሰለኝ። አይ፣ የተናደድኩት ስላልተኛሁ ነው።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ራጃ ከሩንዳ ሰፈር በመኪናው መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ፈገግታ። "ኢንጂነር፣ የአያቴ ቤት እንዴት ነው?" አለኝ። እንዲህ ሲል ለአያቱ አስቦ አይደለም። አንድ የአፓርትመንት ገንቢ በየሳምንቱ ይደውልለታል፤ ራሱ ነግሮኛል። ከእኔ አፍ አደገኛ የሚል አንድ ቃል ቢወጣ ካውንቲው፣ የከተማው አስተዳደር፣ እኛን አስወጥቶ ያሽገዋል፣ ከዚያም ራጃ ያፈርሰዋል። ከዚህ በፊት ከሁለት አዳራሽ ተባረናል። ባለፈው በዝናብ፣ ከነኪቦርዱ፣ ከነወንበሩ። እማዬ ሻማ ይመስል መጽሐፍ ቅዱሷን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር።

ደህና ነው አልኩት። ደረቅ ነው ወይ አለኝ። እየደረቀ ነው አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ለካሁት። እየደረቀ አይደለም።

መጋቢት 28፣ እሑድ

ቱንቢው ዛሬ ግድግዳውን ነካ። ግድግዳው ሆድ አውጥቷል። በዓይን አይታይም፤ ክሩ ግን አይዋሽም።

የመዘምራኑ መሪ ሳምራዊት እዚህ ነው ያደገችው። የእማዬን ወንበር ከበሩ አጠገብ ሳደላድል አየችኝና፣ "ማዕዶት፣ ዩ አር ሶ ስዊት። ማዘርሽን ብቻ ነው ግን የምትንከባከቢው፣ ሲንዲዮ፣ አይደል?" ብላ ሳቀች። መቀለዷ ነው። ፊቴ ተለዋወጠ መሰለኝ፣ ሳቋን አቆመች።

እትዬ እታገኘሁን ደግሞ ከቦታቸው እንዴት ላንሳቸው? ምን ብዬ? እሳቸውን ካነሳሁ ቀጥለው ያሉትንም ማንሳት ነው። ከዚያ ለምን ይሉኛል።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ዛሬ ቁርጥ አድርጌ ልናገር ብዬ ጋሽ ዘርይሁን ሱቅ ሄድኩ። ሻይ አዘዙልኝ፣ እማዬን ጠየቁኝ፣ ጥናቴን ባረኩልኝ። ግድግዳው ሆድ እያወጣ ነው አልኳቸው።

ሳቁ። "ያውጣ ልጄ። የጭቃ ቤት ሆድ ማውጣት ልማዱ ነው። ምርጊቱ ቢረግፍ ቋሚና ማገሩ የት ይሄዳል?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። እኚህ ሰው ግድግዳው ውስጥ እንጨት ያለ መስሏቸዋል። ኮሚቴው ሁሉ እንደዚያ መስሎታል። አገር ቤት የጭቃ ቤት ማለት መጀመሪያ እንጨቱ ይቆማል፣ ማገሩ ይታሰራል፤ ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሚመረግ ልብሱ ነው። ልብሱ ቢያልቅ አካሉ አይወድቅም። ጋሽ ዘርይሁን በሕይወታቸው ስንት እንዲህ ያለ ቤት ሲሚንቶ አልብሰው አስረክበዋል፤ አንዱም አልወደቀባቸውም። ለዚህ ነው ያልፈሩት። ያደጉበት ቤት ሁሉ እንጨት ነበረው።

ይሄኛው እኮ የለውም፣ ልል አፌን ስከፍት ደንበኛ ገባ። ቆርቆሮ ፈልጎ ነው። ስለ ቆርቆሮው ውፍረት ተከራከሩ፣ ተስማሙ፣ አስጫኑ። ሲመለሱ በፋሲካ ስንት ሰው እንደሚመጣና እህቶች ከየት ከየት እንደተጋበዙ ያወሩልኝ ጀመር። ዓይናቸው በደስታ እንባ አቅርሯል። "ዘንድሮ የምናፍርበት ቤት አይደለም ያለን" አሉኝ።

ሻዬን ጠጣሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም፣ በደንበኛ ፊትም የሚነገር አይደለም። ከበዓሉ በኋላ።

እኔ ፈሪ ነኝ። ጻፍኩት፣ አበቃ።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ዝናብ። ጠዋት እማዬን ጸሎት ቀርታ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት እንድትሄድ ለመንኳት። ምን ሆነሽ አለችኝ። ራሴን ያመኛል አልኩ። ሄድን። ፓናዶል ሰጡኝ። እውነትም አሞኝ ነበር።

ሚያዝያ 10፣ ስቅለት

አዳራሹ ቀኑን ሙሉ በጸሎት ነበር። ሥራ አለብኝ ብዬ አልሄድኩም። እማዬ ግን ሄደች። ከበሩ አጠገብ እንደምትቀመጥ አስምያታለሁ፤ ጉንፋን ይይዝሻል ብዬ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

ሞልቶ ፈሰሰ። ከሳውዝ ሲ፣ ከኢስሊ፣ ከየት ከየት። ነጭ የለበሱ ሕፃናት ግድግዳው ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ወንበር ስላነሰ። እኔ አልተቀመጥኩም። አምልኮው አልቆ እስኪወጡ ድረስ ግድግዳው ጋ ቆሜ መዳፌን ልስኑ ላይ አድርጌ ነበር። የያዝኩት መስሎኝ። ከበሮው በተመታ ቁጥር ሲሚንቶው ውስጥ የሆነ ነገር ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጋሽ ዘርይሁን ከመድረኩ ሆነው አይተውኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። እየጸለይኩ መስሏቸዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ይህን ቤት እንደኔ የምትወደው የለችም ብለው ለእማዬ ነገሯት።

ማንም ምንም አልሆነም። ሁሉም ወጡ።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

እማዬ አወቀች።

ራት እየበላን ነበር። ለሐሙስ ጸሎት ከበሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ብርዱ አለ አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ብርዱ ለእኔ ብቻ ነው?" አለች።

ወገብሽ ስለሚያምሽ ነው አልኳት።

"እታገኘሁ ወገብ የላትም?"

እማዬ የአፈር ግድግዳ ጥናት አታውቅም፣ ሕይወቷን ሙሉ ልብስ ሰፍታ ነው ያሳደገችኝ። እኔን ግን ታውቀኛለች። በሩ አጠገብ ያስቀመጥኳትን፣ ሐኪም ቤት የወሰድኳትን፣ በፋሲካ ያን ሁሉ ሰዓት ግድግዳውን ይዤ የቆምኩትን አንድ ላይ ሰፋቻቸው። ይወድቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሊወድቅ ይችላል፣ ላይወድቅም ይችላል፤ ከደረቀ ይተርፋል አልኳት። ስለ ቅርስ ምዝገባው፣ ስለ ራጃ፣ እንደገና እንደምንባረር፣ ሁሉንም ነገርኳት። በደንብ አስረዳሁ። ተማሪ ቢሆን ገብቶኛል ይል ነበር።

እማዬ ሻይዋን ጠጥታ ተኛች። በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚያዝያ 16፣ ሐሙስ

ጠዋት መለኪያዎቼን ላነብ ስገባ እናቶች ጸሎት ላይ ነበሩ። እማዬ ከበሩ አጠገብ የለችም። ወንበሯን ተሸክማ ሄዳ ከእትዬ እታገኘሁ አጠገብ፣ ከምዕራቡ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች። ጀርባዋን ሙሉ በሙሉ አስደግፋለች። ዓይኖቿ ተከፍተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ሴት ዓይኗን ገልጣ የምትጸልየው እሷ ብቻ ነበረች። እኔን ነው የምታየው።

ጸሎቱ ሲያልቅ ወደ ውጭ ጎትቼ አወጣኋት። እየጮኽኩ ነበር መሰለኝ፣ ዘበኛው ዞር አለ። ምን እያደረግሽ ነው አልኳት። እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

"አንቺ ካልነገርሻቸው እኔ ልነግራቸው አልችልም፤ ኢንጂነር አይደለሁም" አለችኝ። "አብሬያቸው መቀመጥ ግን እችላለሁ።"

ከዚያ ተመልሳ ገባች። ሻይ እየተቀዳ ነበር።

መለኪያውን ሳላነብ ወጣሁ። እስከ ቫሊ አርኬድ ገበያ በእግሬ ሄድኩ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ያፈርኩት በእናቴ ፊት ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ ሳምንት ቤቱን ላድን፣ አዳራሹን ላድን፣ ምእመኑ እንዳይበተን ስል ነበር ዝም ያልኩት ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ታዲያ ለምን የአንድ ሰው ወንበር ብቻ አነሳሁ? ለቤቱ ካሰብኩ ለምን ያቺን አንዲት ወንበር?

ሚያዝያ 17፣ ዓርብ

ፓስተር እዮብ ኤልዶሬት ናቸው፣ እሑድ ጠዋት ይገባሉ። ጋሽ ዘርይሁን ስልክ አያነሱም። መልእክት ጻፍኩ፣ አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ "ግድግዳው ውስጥ እንጨት የለም" ብዬ ላክሁ። በሥዕል መለሱልኝ፤ የሚጸልዩ ሁለት እጆች።

ቅዳሜ ማንም የለም። እሑድ ጠዋት ከአምልኮ በፊት እነግራቸዋለሁ።

ሚያዝያ 19፣ እሑድ

ከአምልኮ በፊት አልሆነም። ፓስተሩ መንገድ ተዘግቶባቸው ዘገዩ፤ ሲገቡ መዝሙር ተጀምሯል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ሳምራዊት ማይክ ይዛም ድምፅዋ አይሰማም። እኔ ቆሜ ብጮህ ማን ይሰማኛል? እማዬ እንደ ሐሙሱ ከግድግዳው ሥር ናት። እትዬ እታገኘሁ ከጎኗ። ከነሱ ቀጥሎ አንዲት ልጅ የታቀፈች እናት።

ቦርሳዬ ውስጥ ረጅሙ ካቻቢቴ ነበር። ሄጄ እማዬ እግር ሥር ተንበረከክሁ። እማዬ እግሯን ሰበሰበች። ልስኑ እዚያ ጋ አባብጧል፤ በካቻቢቴው እጀታ ስመታው እንደ ባዶ ጀሪካን ጮኸ። ደጋግሜ መታሁ። አንድ ገበታ የሚያህል ቁራጭ ተላቆ ወደቀ፤ ከኋላው ውሃ ወረደ። ብዙ አይደለም፣ ቀስ እያለ፣ እስከ እማዬ ጫማ ድረስ። ካቻቢቴውን አፈሩ ላይ አድርጌ ገፋሁ። እስከ እጀታው ገባ። አልተጫንኩትም።

ኪቦርዱ ቆመ። ጋሽ ዘርይሁን በበዓል ሱፋቸው እየሮጡ መጡ፣ ፊታቸው በቁጣ ቀልቷል። ምን ነካሽ ይሉኛል። ጆሯቸው ላይ አፌን አድርጌ፣ "እንጨት የለውም ጋሼ። ማገር የለም፣ ቋሚ የለም። አፈር ብቻ ነው" አልኳቸው።

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተንበረከኩና እጃቸውን ጉድጓዱ ውስጥ አስገቡ። ወደ ግራ ፈለጉ። ወደ ቀኝ ፈለጉ። አፈሩ በእጃቸው ሙሉ እየመጣ ይወድቃል። እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው እንጨት ፈለጉ። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያያል። ስንት ዓመት የሚያውቁትን ነገር እንደዚያ ሲፈልጉት ማየት ከባድ ነው፤ ፊቴን ማዞር ፈልጌ ነበር፣ አላዞርኩም።

ተነሱ። በማይክ እንኳ ሰው በማይሰማበት አዳራሽ ውስጥ የፎርማን ድምፃቸው ተሰማ። "ሁሉም ይውጣ። በምሥራቁ በር። ሕፃናት ይቅደሙ፣ ማንም አይሩጥ።"

ማንም አልሮጠም። እማዬ የወጣችው ከእናቶቹ ሁሉ በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ ላይ፣ ጋሽ ዘርይሁን ጭቃ የነካ እጃቸውን ከሱፋቸው አርቀው አጥሩ ጋ ቆመው ነበር። ሄድኩ። ይቅርታ ልል ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉኝ።

ነግሬዎት ነበር አልኩ፣ በኮሚቴው ፊት።

"አንድ ጊዜ" አሉ። "አንድ ጊዜ ነው አጥብቀሽ የነገርሽኝ፣ ማዕዶት።"

ማዕዶቴ አላሉኝም።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

እናቶች ዛሬ የጸለዩት እኛ ቤት ነው፣ ሳውዝ ሲ። ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ የእኔ አልጋ ጠርዝ ላይ ሳይቀር ተቀምጠዋል። ትናንት ለዶክተር አብዱልሰላምና ለካውንቲው እውነቱን ጽፌያለሁ። ራጃ በጣም አዝኛለሁ የሚል መልእክት ልኮልኛል።

ጸሎቱ መሃል ስልኬ ጮኸ፤ የአዳራሹ ዘበኛ ነው። "ማዳም፣ ኡኩታ ኡሜአንጉካ" አለ። ግድግዳው ወድቋል። ሰው አለ ወይ አልኩ፤ የለም አለ። ከነጣሪያው ነው አለ። ዝናብ እንኳ አልነበረም፤ ፀሐይ ወጥቶ ነበር።

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። የእናቶች ጸሎት ሰዓት ነበር። ማክሰኞ፣ የእናቶች ጸሎት ሰዓት። እትዬ እታገኘሁ ስለ ልጆቻችን እየጸለዩ ነበር። እማዬ ዓይኗን ገለጠች፣ አየችኝ፣ ተመልሳ ጨፈነች።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ግማሹ ሰው ጌታ ጠበቀን ይላል። አንዳንዱ ደግሞ፣ በማታቱ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ፤ በካቻቢቴ ወግታ የጣለችው እሷ ናት ይላሉ። አልዞርኩም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚያናድደኝ አላወቅሁም።

የቀሩትን ግድግዳዎች ራጃ በቡልዶዘር አፈረሳቸው። ከፖሊሱ ገመድ ውጭ ቆሜ አየሁ። እነሱ ደረቅ ነበሩ፤ ሲሚንቶ አልነካቸውም። ቡልዶዘሩ ታግሏል። ከጎኔ ሰው መጥቶ ቆመ፤ ጋሽ ዘርይሁን ናቸው። ደህና ዋልሽ አሉኝ። የመጨረሻው ግድግዳ እምቢ ሲል፣ "ልክ ነበርሽ። ከሁላችንም በላይ ይኖር ነበር" አሉ። አለቀስኩ። እሳቸው መሐረብ ሰጡኝና ሄዱ።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዶክተር አብዱልሰላም መረጃውን አየ። አንድ የአፈር ግድግዳ ሲሚንቶ ከለበሰበት ቀን እስከወደቀበት ድረስ፣ በየጥቂት ቀኑ የተመዘገበ። እንዲህ ያለ መዝገብ በየትም አገር ብዙ እንደሌለ፣ ሌላ ቤት ለማዳን እንደሚጠቅም ነገረኝ። ደስ እንዳለው አላሳየም፤ ሰው ነው። እሑድ ብቻ ያልኩትንም አልረሳውም፤ አላነሳብኝም፣ ግን ዓይኔን አላየኝም።

ይጠቅማል፤ አውቃለሁ። ልጽፈው ነው። ቁጥሮቹን ስከፍት ግን በየቀኑ አጠገብ ማን እዚያ ተቀምጦ እንደነበር ይታየኛል።

ግንቦት 17፣ እሑድ

አዲስ አዳራሽ አገኘን፤ ሳውዝ ሲ ውስጥ ያለ የአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ነው፣ እሑድ እሑድ ብቻ። ብሎኬት። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው አረንጓዴ ቀለም፣ የባቄላ ሽታ አለው። ጋሽ ዘርይሁን ወንበር እየደረደሩ ነበር። "ማዕዶቴ፣ ያን ጫፍ ያዢልኝ" አሉኝ። ያዝኩላቸው።

እናቶች ወንበራቸውን ተሸክመው እንደ ልማዳቸው ወደ ግድግዳው ሄዱ። እማዬ ግን አልተቀመጠችም። የወንበሯን መደገፊያ ይዛ ቆመች፤ እትዬ እታገኘሁም እሷን አይተው ቆሙ፤ ከዚያ ሌሎቹም። እማዬ ወደኔ ዞረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይቀለኝ ነበር።

"እዚህስ፣ ልጄ" አለችኝ፣ "ሁላችንም መቀመጥ እንችላለን?"

ወንበሩን ለጋሽ ዘርይሁን ትቼ ሄድኩ። ተንበርክኬ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ የግድግዳውን እግር በመዳፌ ዳሰስኩ። እናቶቹ ቆመው ጠበቁኝ።